ሦስት ነጥብ ብቻ? ስለ ዲጂታል ሰርቬይ ሜትር ካሊብሬሽን

የደረሰኝን ጥያቄ አሳጥሬ ላስቀምጠው። ሰርቬይ ሜትር ማለት ጨረራ የሚለካ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ነው፤ ካሊብሬሽን ደግሞ ንባቡን ከታወቀ የጨረራ መጠን ጋር አመሳክሮ ማስተካከል ነው። «ቴክሳስ ውስጥ ኢንዱስትሪያል ራዲዮግራፊ ላይ ረዳት ሆኜ እሠራለሁ። የቧንቧ ብየዳ በኢሪዲየም 192 ጨረር ፎቶ እናነሳለን። ድርጅታችን መርፌ ያላቸውን የድሮ ሰርቬይ ሜትሮች ትቶ ዲጂታል ገዛ። የድሮዎቹ ሰርተፊኬት ላይ ስምንት መስመር ነበረ። የአዲሱ ላይ ያለው ሦስት ብቻ ነው። አለቃዬ ‹ሕጉ ሦስት ነው የሚለው› ይላል። ባልደረባዬ ደግሞ ‹ተሸውደናል፣ ይመለስ› ይላል። ማን ነው ልክ? ባትሪ ስቀይርስ እንደገና ካሊብሬት ይደረጋል? አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ የምትሠራ የአክስቴ ልጅም አለች። ከዚህ አገር ያገለገለ አዮን ቻምበር (ሌላ ዓይነት የጨረራ መለኪያ) ሊላክላቸው ነው። ሰርተፊኬቱ እዚያ ይሠራል ወይ ብላኛለች።»

ወንድሜ፣ አለቃህ ልክ ነው። ባልደረባህም ግን በከንቱ አልጠረጠረም። ወረቀቱ ላይ እያንዳንዱ መስመር መሣሪያው የተፈተሸበት አንድ የጨረራ መጠን፣ አንድ ነጥብ ነው። ሦስት ነጥብ የሚበቃው ነጥቦቹ ተገቢው ቦታ ላይ ከወደቁ ነው። መስመር ቆጥሮ ወረቀቱን ፋይል ውስጥ መክተት እዳው ገብስ ነው። እኔ ካሊብሬሽን ላቦራቶሪ ውስጥ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ሰርተፊኬት ሲደርሰኝ መጀመሪያ የማየው የትኞቹ ቁጥሮች እንደተመረጡ ነው።

ከሕጉ እንጀምር። የፌዴራሉ የራዲዮግራፊ ደንብ 10 ሲ.ኤፍ.አር. (የአሜሪካ ፌዴራል ደንቦች ስብስብ) ክፍል 34 ነው። አንቀጽ 34.25 መሣሪያዎቹን በሦስት ይከፍላቸዋል። መርፌ ያለውና እያንዳንዱ ስኬል (በማዞሪያ የሚመረጥ የንባብ ክልል) እኩል የተከፋፈለው መሣሪያ በእያንዳንዱ ስኬል ላይ ሁለት ቦታ ይፈተሻል፤ አንዱ ሲሶው ላይ፣ ሌላው ሁለት ሲሶው ላይ። ሎጋሪዝሚክ የሆነው፣ ማለትም ስኬሉ በአሥር እጥፍ እየዘለለ (1፣ 10፣ 100) የሚያድገው፣ በየአሥር እጥፉ መካከል ይፈተሻል፤ ቢያንስ በአንደኛው አሥር እጥፍ ውስጥ ደግሞ ሁለት ቦታ። ዲጂታል ከሆነ ከ2 እስከ 1000 ሚሊሬም በሰዓት ባለው መካከል ሦስት ቦታ ይፈተሻል። ሬምም ሲቨርትም ሰውነት የሚቀበለውን ጨረራ መለኪያ ናቸው፤ በሲቨርት ከ0.02 እስከ 10 ሚሊሲቨርት በሰዓት ማለት ነው። በሁሉም ነጥብ ላይ ከእውነተኛው መጠን ከ20 በመቶ በላይ መራቅ አይፈቀድም። ይሄ በየ6 ወሩ ይደረጋል፤ መሣሪያው ተጠግኖ ከሆነም ከጥገናው በኋላ።

ቴክሳስ ከፌዴራሉ ጋር ስምምነት ካላቸው ግዛቶች አንዷ ናት። ስለዚህ ፈቃዱን የሚሰጠውም ተቆጣጣሪ የሚልከውም የግዛቱ መሥሪያ ቤት ነው። የግዛቱ ደንብ በይዘቱ ከፌዴራሉ ያነሰ መሆን አይችልም። በዚያ ላይ የድርጅታችሁ ፈቃድ ውስጥ የተጻፈ ተጨማሪ ነገር ካለ እሱም ይገዛችኋል። ፈቃዱን አንዴ ጠይቀህ አንብበው። ራዲዮግራፈሮች ለዓመታት ሠርተው አንድ ቀን እንኳን ሳያነቡት ሲቀሩ አይቻለሁ።

አሁን ባልደረባህን ወደሚያሳስበው ነገር እንምጣ። ስምንቱ መስመር ለምን ሦስት ሆነ? የድሮውን ሜትር ከፍተህ አይተህ ታውቃለህ? ውስጡ በትንሽ ጠመንጃ መፍቻ የሚዞሩ ብሎኖች አሉ። ብዙዎቹ ላይ ለእያንዳንዱ ስኬል አንድ አንድ ብሎን አለ። ማዞሪያው አራት ቦታ ካለው አራቱም ለየብቻ ይስተካከላሉ። ታችኛው ስኬል ልክ ሆኖ ላይኛው ሊሳሳት ይችላል፤ አንዱ ስለሌላው ምንም አይነግርህም። አራት ስኬል ሁለት ሁለት ጊዜ፣ ስምንት። የድሮው ወረቀት ላይ ያየኸው ይሄን ነው።

ዲጂታሉ ስኬል የለውም። ማለቴ፣ ስክሪኑ ላይ ነጥቧ ከቦታ ቦታ ስትዘል ታያለህ፤ የሚሠራው ግን አንድ ሒሳብ ነው። ከጋይገር ቱቦው (ጨረራ ሲነካው የኤሌክትሪክ ምት የሚሰጥ በጋዝ የተሞላ ቱቦ) የሚመጣውን ምት ይቆጥራል። በአንድ ቁጥር ያካፍለዋል፤ ይሄ ቁጥር የካሊብሬሽን ቋሚ ይባላል። ከዚያ በሁለተኛ ቁጥር ያርመዋል፤ እሱ ደግሞ የቱቦው የሙት ጊዜ ነው። በብዙዎቹ ጋይገር ሜትሮች ላይ ልክነቱ የተንጠለጠለው በእነዚህ በሁለቱ ነው። ሁለቱ ልክ መሆናቸውን ለማወቅ ሦስት ነጥብ አያንስም።

ስለ ሙት ጊዜ ትንሽ ልቆይ፤ የዲጂታል ሜትር ጣጣ አብዛኛው ያለው እሱ ጋ ነው። ጋይገር ቱቦ አንድ ምት ከቆጠረ በኋላ ለአፍታ ይደነዝዛል። በዚያች አፍታ የሚመጣውን ጨረራ አያየውም። 80 ማይክሮሰከንድ ነው እንበል። ጨረራው ትንሽ ሲሆን ምንም ማለት አይደለም። በደቂቃ 100 ሺህ ምት ሲቆጥር ግን ሌላ ነው። በሰከንድ 1667 ምት ነው። እያንዳንዱ 80 ማይክሮሰከንድ ሲበላ ከአንዱ ሰከንድ 13 በመቶው ድንዛዜ ነው። በእውነት የመጣው ምት 115 ሺህ ገደማ ነበር፤ መሣሪያው 15 ሺውን አላየውም። ጥሩ ዲጂታል ሜትር ይሄን አስልቶ ይመልሰዋል። የሚመልሰው ግን የተሞላለት የሙት ጊዜ ለዚያው ቱቦ ትክክል ከሆነ ነው።

ከዚህ ተነስተህ ሦስቱ ነጥቦች የት መሆን እንዳለባቸው ራስህ መፍረድ ትችላለህ። ሕጉ ከ2 እስከ 1000 መካከል ይላል እንጂ ተራርቀው ይቀመጡ አይልም። አንድ ሰነፍ ላቦራቶሪ 3፣ 5 እና 8 ላይ ለክቶ ሦስት መስመር ሊሰጥህ ይችላል። ፊደሉን አሟልቷል። ስለ ሙት ጊዜው ግን አንድም ነገር አልነገረህም፤ እዚያ ታች መደንዘዝ የለም። የእኔ ምርጫ በየአሥር እጥፉ አንድ አንድ ነው፦ አንዱ ከ10 በታች፣ አንዱ ከ10 እስከ 100፣ አንዱ ከ100 በላይ። የላይኛው ደግሞ ቢያንስ 500 ይሁን።

ይሄ ምርጫ ከሥራህ ጋር ይገጥማል። ሰው እንዳያልፍ ገመድ የምትወጥርበት ድንበር 2 ሚሊሬም በሰዓት አካባቢ ነው። የታችኛው ነጥብ ለዚያ ነው። ምንጩን (ኢሪዲየሙን) መልሰህ ወደ ካሜራው (ምንጩ ተከልሎ የሚቀመጥበት ሣጥን) ስትጠጋ የምታየው ቁጥር በአሥሮች ወይም በመቶዎች ነው፤ ለካሜራው ገጽ የሚፈቀደው እስከ 200 ሚሊሬም በሰዓት ነው። የመካከለኛው ለዚያ። ምንጩ ሳይመለስ ከካሜራው በሚወጣበት ቱቦ ውስጥ ቀርቶ አንተ እየተጠጋህ ከሆነስ? ያኔ ላይኛው ነጥብ ልክ ባይሆን ኖሮ ብለህ አስበው። ደረትህ ላይ ያለው አላርም ሬትሜትር (ጨረራ ሲበዛ የሚጮኽ ትንሽ መለኪያ) 500 ላይ እንዲጮኽ የተደረገው ለዚሁ ነው። በነገራችን ላይ እሱ ካሊብሬት የሚደረገው በየ12 ወሩ ነው። ሁለቱን አብሮ በየ6 ወሩ የሚልክ ድርጅት አለ፤ ክፋት የለውም። ሁለቱንም በየዓመቱ የሚልክ ግን በሰርቬይ ሜትሩ ተጠያቂ ይሆናል።

አሁን ሰርተፊኬትህን አውጣና አብረን እንየው። የአንተን ስላላየሁት እንደ ምሳሌ ይህን ያዝ። መጀመሪያው መስመር ላይ እውነተኛው 5.0 ሲሆን መሣሪያው 5.3 ብሏል፤ 6 በመቶ ጨምሯል። ሁለተኛው ላይ 100 ሲሆን 96 ብሏል፤ 4 በመቶ ቀንሷል። ሦስተኛው ላይ 800 ሲሆን 690 ብሏል፤ 14 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ሦስቱም ከ20 በታች ናቸው። አልፏል፣ ስቲከሩ ይለጠፋል።

እኔ ግን እንዲህ ያለ ወረቀት ሳይ ቅር ይለኛል። ስህተቶቹን በቅደም ተከተል እያቸው፦ ሲደመር 6፣ ሲቀነስ 4፣ ሲቀነስ 14። ወደ ላይ በወጣ ቁጥር እያነሰ ይሄዳል። ይሄ የሙት ጊዜው በትክክል አለመሞላቱን ወይም ቱቦው ማርጀት መጀመሩን ያሳብቃል። በሚቀጥለው 6 ወር 800ው ላይ 655 ካለ 18 በመቶ ደርሷል። አሁንም ያልፋል! ከዚያ በላይ ባለው ቦታ ግን ምን እንደሚል ማንም አልለካውም። ሦስቱም በአንድ አቅጣጫ፣ በእኩል መጠን ቢሳሳቱ ይሻለኛል፤ ሁሉም 8 በመቶ ቢያንሱ ቋሚውን ትንሽ ነካ ማድረግ ይበቃል። እንዲህ የሚያጋድል ከሆነ ላቦራቶሪውን ጠይቅ፤ ስልክ አንስተህ «የሙት ጊዜውን አይታችሁታል ወይ?» በላቸው። ጥያቄው ነውር የለውም። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ደስ ይለዋል።

ወረቀቱ ላይ ሁለት ዓምድ መኖሩንም እይ። አንዱ መሣሪያው እንደመጣ፣ ማንም ሳይነካው ያነበበው ነው። ሌላው ከተስተካከለ በኋላ ያነበበው። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ብቻ ያያል። ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር የመጀመሪያው ነው። መሣሪያው ሲመጣ 30 በመቶ አሳንሶ ያነብ ከነበረ፣ ያለፉትን ወራት በሙሉ እያሳነሰ ነበር ማለት ነው። ያኔ 1.9 ብለህ የወጠርከው ገመድ በእውነት 2.7 ላይ ነበር። ይሄ ከተገኘ የጨረራ ደኅንነት ኃላፊያችሁ ተመልሶ የዚያን ጊዜ መዝገብ ማገላበጥ አለበት። የመጀመሪያው ዓምድ የሌለበት ሰርተፊኬት ከተሰጣችሁ፣ ለአዲስ መሣሪያ ካልሆነ በቀር፣ ላቦራቶሪ መቀየር ነው።

በምን ምንጭ እንደተለካም መጻፍ አለበት። አብዛኛው ላቦራቶሪ የሚጠቀመው ሲዚየም 137 ነው። የጨረሩ ጉልበት 662 ኪሎኤሌክትሮንቮልት ነው። ግማሽ ዕድሜው (ጥንካሬው በግማሽ የሚወርድበት ጊዜ) 30 ዓመት ስለሆነ በዓመት የሚቀንሰው 2.3 በመቶ ብቻ ነው። «ብቻ» ብዬ እንዳላሳስትህ፤ አንድ ላቦራቶሪ ለ10 ዓመት ቅናሹን ሳያሰላ ቢቆይ ስህተቱ 20 በመቶ ያልፋል። የተፈቀደልህን ልክ በሙሉ ምንጩ ብቻውን በላው ማለት ነው።

እኛ ጋ እንዴት እንደሚሠራ ላሳይህ። ምንጩ ወፍራም እርሳስ ውስጥ ተቀምጧል፤ ጨረሩ በአንድ ቀዳዳ ብቻ ይወጣል። ከፊቱ ሐዲድ አለ፤ ሐዲዱ ላይ ጋሪ። ሜትሩ ጋሪው ላይ ይቀመጣል። ሰው ከክፍሉ ይወጣል፣ በሩ ይቆለፋል፣ ስክሪኑን በቪዲዮ እናነባለን። ርቀቱ ሲጨምር ጨረራው በርቀቱ ካሬ ይቀንሳል። ለምሳሌ 3.7 ጊጋቤክሬል (የምንጭ ጥንካሬ መለኪያ) ሲዚየም አንድ ሜትር ላይ 33 ሚሊሮንትገን (እዚህ ላይ ከሚሊሬም ጋር የሚቀራረብ) በሰዓት ገደማ ይሰጣል። ሁለት ሜትር ላይ ሩቡ፣ 8 ገደማ። ቀላል ይመስላል። ግን ሜትሩ ምንጩ አጠገብ፣ 20 ሳንቲሜትር ላይ ቢቀመጥ አንድ ሳንቲሜትር መዛነፍ ብቻውን 9 በመቶ ያሳስትሃል። ለዚህ ነው ዲጂታሉ ሳጥን ጎን ላይ የመደመር ምልክት ወይም ትንሽ ጎድጎድ ያለች ነጥብ የምታየው። ቱቦው በውስጥ የተቀመጠው እዚያ ጋ ነው፤ የምንለካው እስከዚያች ምልክት ነው። አንተም ሜዳ ላይ ስትለካ ያቺን ምልክት ወደ ምንጩ አዙራት። ስክሪኑን ወደ ራሱ፣ ቱቦውን ወደ ሰማይ አዙሮ የሚለካ ሰው አይቻለሁ።

ኢሪዲየም ከሲዚየም ያነሰ ጉልበት አለው፤ አማካዩ 370 ኪሎኤሌክትሮንቮልት አካባቢ ነው። ማካካሻ (ለተለያየ የጨረር ጉልበት ንባቡን የሚያቀራርብ ሽፋን) ያለው ጋይገር ከሆነ ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ብዙ አትጨነቅ።

ወደ ባትሪው። ደንቡ በግልጽ መልሶታል፦ ከጥገና በኋላ ካሊብሬት ይደረግ ይላል፣ ባትሪ መቀየር ግን ከዚያ ውጭ ነው። ባትሪ ቀይር፣ ሥራህን ቀጥል። ባትሪው ፈሶ መገናኛውን በልቶት ማንም ሰው በብየዳ ከነካካው ግን ያ ባትሪ መቀየር አይደለም፤ ጥገና ነው። የመሣሪያው ሶፍትዌር ከታደሰም እንደ ጥገና ቁጠረው። ሁለቱ ቁጥሮች የሚቀመጡት እዚያ ነው፤ እድሳቱ ወደ ፋብሪካው ቁጥር ሊመልሳቸው ይችላል። ይሄኛው የእኔ አቋም ነው፤ ማንም ቢከራከረኝ አልመለስም።

ቱቦው በገመድ የሚሰካ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ይህን ልንገርህ። አንድ ደንበኛ (ስሙ ይቅር) ሁለት አንድ ዓይነት ዲጂታል ሜትሮች ላከልን። ሁለቱም ባለፈው ካሊብሬሽን ፍጹም ነበሩ። አሁን አንዱ ሩብ ያህል ያሳንሳል፣ ሌላው ሲሶ ያህል ያበዛል። ግማሽ ቀን ራሳችንን አሳከከን። በኋላ የቱቦዎቹን ተከታታይ ቁጥር ከድሮው ሰርተፊኬት ጋር ሳመሳክር ነገሩ ገባኝ፤ ቱቦዎቹ ተቀያይረዋል። መኪናው ውስጥ ሁለቱን ነቅሎ አጽድቶ ሲመልስ አንድ ልጅ አምታትቷቸዋል። ቋሚው ያለው ሜትሩ ውስጥ ነው፤ የተሰላው ግን ለዚያ ቱቦ ነው። ሁለቱ የተጋቡ ናቸው። እኛ ጋ አሁን በሜትሩም በቱቦውም ላይ አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ፕላስተር እንለጥፋለን። አንተም አድርገው።

የ6 ወሩ ቆጠራ የሚጀምረው ካሊብሬት ከተደረገበት ቀን ነው። ሣጥኑን ከከፈትክበት ወይም መጀመሪያ ከተጠቀምክበት ቀን አይደለም። መጋቢት 10 የተለካ መሣሪያ ሁለት ወር መጋዘን ቢቀመጥም ቀኑ መስከረም 10 ላይ ያልቃል። (የፈረንጁን አቆጣጠር ነው የምልህ፤ ስቲከሩ ላይ ያለው እሱ ነው።) ቀኑ ያለፈበትን መሣሪያ «አይሠራበትም» ብለህ ለይተህ አስቀምጥ። መኪና ውስጥ እንደ መጠባበቂያ ይዞ መዞር ለማንም ተቆጣጣሪ ጥሩ ቀለብ ነው። የካሊብሬሽን መዝገቡን ለ3 ዓመት መያዝ ግዴታ ነው።

በሁለት ካሊብሬሽን መካከልስ? በየቀኑ ሥራ ከመጀመርህ በፊት መሣሪያው መሥራቱን ማረጋገጥ ግዴታህ ነው። እኔ የምመክርህ እንዲህ ነው፦ መሣሪያው ከላቦራቶሪ በመጣበት ቀን አንድ የታወቀ ምንጭ ፊት፣ አንድ የታወቀ ቦታ ላይ አድርገህ የሚለውን ጻፍ። ቁጥሩን በእስክሪብቶ ስቲከሩ ጎን ጻፈው። በየጠዋቱ እዚያው ቦታ ላይ እየው። 12 ይል የነበረ 7 ካለ ቀኑ ገና ቢሆንም መልሰው። ይሄ ካሊብሬሽንን አይተካም። ካሊብሬሽኑም ግን ትናንት መሣሪያው ከመሰላል ላይ መውደቁን አያውቅም።

ከመርፌ ወደ ዲጂታል ስትሻገር መጠንቀቅ ያለብህ ሁለት ሦስት ነገር አለ፤ እነዚህን ሰርተፊኬት አይነግርህም። አንደኛው አሃዱ ነው። ዲጂታሉ ቁጥሩ ሲያድግ ራሱ ከማይክሮ ወደ ሚሊ ይዘላል። 950 ማይክሮ ትንሽ ቆይቶ 1.2 ሚሊ ይሆናል፤ ዓይን የቀነሰ ይመስለዋል። እዚህ አገር በሚሊሬም የለመድክ ልጅ ሜትሩ በሲቨርት ተሞልቶ ከመጣ ደግሞ የባሰ ነው። 1 ሚሊሲቨርት 100 ሚሊሬም ነው። ስክሪኑ ላይ 0.05 ሚሊሲቨርት አይተህ «ምንም የለም» ብትል፣ የቆምከው 5 ሚሊሬም በሰዓት ላይ ነው። ከመጠቀማችሁ በፊት ሁሉም መሣሪያ በአንድ አሃድ ይሞላ፤ ካሊብሬሽኑም በዚያው አሃድ ይጻፍ።

ሁለተኛው ትዕግሥት ነው። መርፌ ሲወዛወዝ ዓይንህ ራሱ መካከሉን ይይዝ ነበር። ቁጥር ግን እርግጠኛ ይመስላል። ድንበር ላይ ቆመህ 1.6 ይልሃል፣ ከዚያ 2.3፣ ከዚያ 1.9። አልተበላሸም፤ የሚቆጥረው ምት ጥቂት ስለሆነ ነው። 100 ምት ከቆጠረ በተፈጥሮው 10 በመቶ ወዲህና ወዲያ ይላል። ቁም፣ ይረጋጋ፣ ከዚያ ጻፍ። 1.94 ብሎ የሚጽፍ መዝገብ ሳይ እስቃለሁ። ሦስተኛዋን አሃዝ ከየት አመጣት?

ሦስተኛው ከአቅሙ በላይ ሲሆን ምን ይላል የሚለው ነው። በጣም ኃይለኛ ጨረራ ውስጥ የገባ ደካማ ጋይገር ፈጽሞ ደንዝዞ ወደ ዜሮ ሊወርድ ይችላል። ጥሩ መሣሪያ ከአቅሜ በላይ ነው የሚል ምልክት አውጥቶ እዚያው ይቆያል። ሻጩን በቀጥታ ጠይቁት። ሰውም በዚህ ቦታ ይሳሳታል። ብራዚል ጎያኒያ ውስጥ በፈረንጆቹ መስከረም 1987 ላይ ከተጣለ የሕክምና ማሽን የወጣ ሲዚየም ከተማውን ሲበክል፣ መጀመሪያ ነገሩን የለካው ፊዚሲስት መሣሪያ የተዋሰው ከማዕድን ፍለጋ ሰዎች ነበር። ወደ ቦታው ሳይደርስ ሲከፍተው መርፌው መጨረሻው ላይ ተለጠፈ። በየትኛውም አቅጣጫ ቢያዞረው ያው ነው። ተበላሽቷል ብሎ ተመልሶ ሌላ ለወጠ። ሁለተኛውም ያንኑ አለ። መሣሪያው ልክ ነበር። ቀኑ ያላለፈ ሰርተፊኬትና የጠዋት ፍተሻ የያዘ ሰው መሣሪያውን ለመጠርጠር አይቸኩልም።

የሆስፒታል ሰዎች ይሄን ካነበባችሁ ሦስቱን ነጥብ ለራሳችሁ እንዳትወስዱት። የሕክምናው ደንብ ሌላ ነው፤ 10 ሲ.ኤፍ.አር. 35.61። እዚያ ካሊብሬሽኑ መጀመሪያ ከመጠቀም በፊት፣ ከዚያ በየዓመቱና ከጥገና በኋላ ነው። እስከ 1000 ሚሊሬም በሰዓት ያለው ሁሉ በጨረራ ምንጭ ይለካል፤ ለምትጠቀሙበት ለእያንዳንዱ ስኬል ወይም አሥር እጥፍ ሁለት የተራራቁ ነጥቦች ይፈተሻሉ። ቀኑም መሣሪያው ላይ በሚታይ ቦታ ይለጠፋል። 20 በመቶው ያው ነው። አንድ ዲጂታል ሜትር ከራዲዮግራፊ ድርጅት ወደ ኑክሌር ሕክምና ክሊኒክ ቢሄድ ሦስት መስመር ያለው ወረቀቱ እዚያ አያበቃውም።

የአክስትህ ልጅ ጥያቄ የመጨረሻው ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉም ጣፋጩ። አዮን ቻምበር እንደ ጋይገር ምት አይቆጥርም። ክፍሉ ውስጥ ያለው አየር በጨረራ ሲነካ የሚፈጠረውን ኤሌክትሪክ ይለካል። አብዛኛው ክፍሉ ለውጭ አየር ክፍት ነው። አየሩ ከሳሳ የሚነካው ነገር ያንሳል፣ ኤሌክትሪኩም ያንሳል። ሂዩስተን ባሕር ጠለል ላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ 101 ኪሎፓስካል ገደማ። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ ግፊቱ 77 አካባቢ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ቴክሳስ 100 ይል የነበረው መሣሪያ፣ ማንም ሳይነካው፣ አዲስ አበባ 76 ገደማ ይላል። 24 በመቶ አነሰ። መሣሪያው ጤነኛ ነው፣ ሰርተፊኬቱም እውነት ነው፤ ግን ከአውሮፕላን እንደወረደ ከ20 በመቶው ልክ ወጥቷል። አደገኛው ደግሞ ወደ ታች መሳሳቱ ነው።

መድኃኒቱ አለ። ሰርተፊኬቱ በየትኛው ሙቀትና ግፊት እንደተሰላ ይጻፍበታል፤ እዚህ አገር ብዙውን ጊዜ 22 ዲግሪና 101.3 ኪሎፓስካል ነው። የክፍሉን ሙቀትና የአየር ግፊት ለክታ ንባቡን ታባዛዋለች፤ አዲስ አበባ ላይ ማባዣው 1.3 አካባቢ ይሆናል። ግፊቱን ግን ከአየር ትንበያ ገጽ አትውሰድ። እዚያ የሚጻፈው ወደ ባሕር ጠለል የተመለሰ ቁጥር ነው፤ ስለ ከፍታው ያለውን ልዩነት ደምስሶታል። የሚያስፈልጋት ግድግዳ ላይ ወይም ጠረጴዛ ላይ ያለ ባሮሜትር ነው። ክፍሉ የታሸገ ዓይነት ከሆነ ይሄ ሁሉ አይመለከታትም። ጋይገር ቱቦም የታሸገ ስለሆነ ከፍታ ግድ አይሰጠውም።

ሆስፒታል ውስጥ አዮን ቻምበር መመረጡ ጥሩ ነው። ከራጅ ማሽን የሚበተነው ጨረር ጉልበቱ ዝቅ ያለ ነው። እዚያ ማካካሻ የሌለው ጋይገር ብዙ እጥፍ አብዝቶ ሊያነብ ይችላል፤ አዮን ቻምበሩ ግን በአብዛኛው አይዋዥቅም። የሰርተፊኬቱ ሕጋዊነት ግን የቴክሳስ ጉዳይ አይደለም። ሆስፒታሉ መሣሪያውን ከመረከቡ በፊት የአገሪቱን የጨረራ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ይጠይቅ፤ እዚያው ተለክቶ ቢሰጥ ደግሞ የከፍታውም ጣጣ አብሮ ያበቃል። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኢነርጂ ኤጀንሲና የዓለም ጤና ድርጅት ከፈረንጆቹ 1976 ጀምሮ ለዚህ ሲሉ በየአገሩ ያሉ የልኬት ላቦራቶሪዎችን በአንድ መረብ አገናኝተዋል።

አንድ ነገር አሁኑኑ ደውለህ ንገራት። ክፍት የሆነው አዮን ቻምበር ውስጥ ብዙ ጊዜ እርጥበት የሚጠጣ ትንሽ የሲሊካ ጄል ዕቃ አለ። መሣሪያው እንደደረሰ ከማብራቷ በፊት እሱን ትየው። ሰማያዊ ከሆነ ደረቅ ነው። ሮዝ ከሆነ ጠግቧል፤ እሱ ሳይቀየር የሚወጣውን ቁጥር ወረቀት ላይ አታስፍረው።